ቀይ አበባ የሰፋንበት አቡጀዲ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደውላ፣ ትምህርት ቤታቸው ጣና ዳር በሚያዘጋጀው የወር አበባ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ ጋበዘችኝ። ልጃገረዶች ሸራ ላይ ሥዕል ይስላሉ፤ ይዘፍናሉ፤ እናቶችም ይመጣሉ አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አስቤ እደውልልሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እኛም ስምንተኛ ክፍል ሳለን እንዲህ ያለ በዓል አድርገን ነበር። ጓደኛዬ ውባለም ከዱርቤቴ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ፣ ባሕር ዳር እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። እናቷ እትዬ ደብሬ በየሁለት ሳምንቱ በሶና የዳጉሳ ድርቆሽ ይዘውላት ይመጣሉ። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ በዳቦ ያደግሁ ነኝ፤ ያ ድርቆሽ በበርበሬ ተፈትፍቶ ሲቀርብ ግን ከውባለም እቀድም ነበር።

ውባለምን አባቷ ገና በልጅነቷ ሊድሯት ቃል ሰጥተው ነበር። እትዬ ደብሬ ናቸው በሽማግሌ ፊት ለምነው፣ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ትማር ያስባሉት። የደረሰች ዕለት ራሳቸው ሊናገሩም ቃል ገብተዋል። ውባለም ግን የወር አበባ ካየች ዓመት አልፏት ነበር። ይህን የምናውቅ እኔና እሷ ብቻ ነን። ጨርቋን አጥባ ከእኔ ልብስ ጋር ታሰጣዋለች፤ እናቷ ሲጠይቋት ገና ነኝ ትላለች።

መምህርት ሰናይት የምትባል ወጣት አስተማሪ የሴቶች ክበባችን ኃላፊ ነበረች። አንድ ቀን ረጅም አቡጀዲ አመጣችና፣ የወር አበባ ያየች ልጅ ሁሉ አንዳንድ ቀይ አበባ እንድትሰፋበት ነገረችን። ስም አይጻፍበትም። እኔ በደስታ ሰከርሁ፤ ወንዶቹ በአንዲት ልጅ ቀሚስ ላይ የሳቁት ሳቅ ገና ከጆሮዬ አልጠፋም ነበርና። ውባለም አልሰፋም አለች። ጥልፍ ከእናቷ የተማረች፣ እጇ ከሁላችን የሚበልጥ እሷ ናት። ሦስት ቀን ጨቀጨቅኋት።

«ስም የለበት፣ ማን ያውቅብሻል? እስከ መቼ ነው የምታፍሪው?» አልኋት።

«እኔ እኮ አፍሬ አይደለም» አለችኝ። በመጨረሻ ግን መርፌውን ተቀበለችኝ።

በዓሉ ያማረ ነበር። አቡጀዲው ከሐይቁ ዳር ካሉት ሁለት ዋርካዎች መሃል ተወጥሮ ነፋሱ ያርገበግበዋል። ጾም ስለነበር የሽምብራ ቆሎና ብርዝ ቀርቧል፤ ከበሮው ይመታል። ያን ዕለት እትዬ ደብሬ ሳይታሰቡ ስንቅ ይዘው መጥተው ኖሮ፣ እናቴ ቤት ከምትተዋቸው ብላ ይዛቸው መጣች። አቡጀዲውን ከዳር ጀምረው እያዩ መጡና አንዲት አበባ ፊት ቆሙ። ፊደል አይቆጥሩም፤ የቅጠሉን አጠላለፍ ግን ያውቁታል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጌጥ ነው አልኋቸው። አጠገባቸው የነበረች ሴት እየሳቀች፣ የደረሱት ልጆች የሰፉት መሆኑን ነገረቻቸው።

«ይህን ያስተማርኋት እኔ ነኝ» አሉ፣ በቀስታ።

እትዬ ደብሬ ውባለምን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። ከክፍሏ ደጅ ቆሜ ውባለም ስታለቅስ እሰማለሁ። እትዬ ደብሬም ያለቅሱ ነበር።

«ባላይ ይሻለኝ ነበር፤ አሁን ግን አየሁ። የአባትሽን ዐይን እያየሁ አልዋሽም» አሏት።

ለፋሲካ አገሯ ሄደች፤ አልተመለሰችም። መምህርት ሰናይት ልትለምን ዱርቤቴ ድረስ ሄዳ ነበር፤ ሠርጉ ተደግሶ ደረሰች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ውባለምን ዱርቤቴ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ አገኘኋት። የአራት ልጆች እናት ሆናለች፤ እጇን ስስም በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ይቅር በይኝ አልኋት። ክፉ እንዳላሰብሁ እንደምታውቅ ነገረችኝ፤ ወዲያው ወደ ገበያተኛዋ ዞረች።

ትናንት ለእህቴ ልጅ መልሼ ደወልሁላት። እመጣለሁ አልኋት፤ ልጆች እንዲያፍሩ አልሻምና። አንድ ነገር ግን ጠየቅኋት፦ መሳሉን የማትፈልግ ልጅ ብትኖርስ?

«ሁላችንም እንፈልጋለን እኮ፣ አክስቴ» አለችኝ።

እኔም በእሷ ዕድሜ የሁሉንም ልብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።