የዘወንጌል ጦር

አዲሱ አለቃችን ከጎንደር መጥተው ከተሾሙ ወዲህ ለሰውም ለራሳቸውም ፋታ የላቸውም። ባለፈው ሳምንት ቀለምና ብራናቸውን ይዘው ደጄ ድረስ መጡና፣ «አባት፣ የደብሩን ታሪክ ልጽፍ ነው። ዘወንጌል ዘንዶውን የገደለበት ጦር፣ እውነት ይሄ ዕቃ ቤት ያለው ነው? ምስክር ያለውን ነገር ብቻ ንገሩኝ» አሉኝ። እኔም ስለ ጤፍ አጨዳ አውርቼ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ብቀመጥም ብነሣም አላርፍ አልኩ።

ዘወንጌል ለማያውቅ፣ እብናት አጠገብ ያለችውን አገራችንን ያቀና አባት ነው። ታቦት በራሱ፣ ጦር በእጁ ይዞ መጣ፤ ምንጩን የያዘውን ዘንዶ ገደለ፤ ጫካውን መነጠረ ይባላል። በእኛ አገር ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት ዘር በመቁጠር ነው። ስለዚህ ዘወንጌል ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው የእሳት ዳር ጨዋታ አልነበረም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ንጉሡ ደብረ ታቦር ከትመው ጋፋት ላይ መድፍ በሚያሠሩበት ዘመን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። የወንዝ ማዶ ሰዎች የታችኛውን መስክ ፈልገው ከሰሱን። «ዘወንጌል የተረት ሰው ነው፤ ካልነበረ ሰው ዘር አይቆጠርም» አሉ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ በሰው በሬ የምታሳርሳት ማሳ እዚያው መስክ መካከል ነበረች። ሌላ የላትም። ዳኛው «ምስክራችሁን ይዛችሁ ደብረ ታቦር ቅረቡ» ሲሉ፣ ሽማግሌዎቻችን ጦሩን እኔ እንድይዝ፣ «የአባታችን የዘወንጌል ነው» ብዬም ወንጌል ይዤ እንድምል ቆረጡ።

ወጣትነት ክፉ ነው። ጦሩ እንደዛገ ዳኛ ፊት መቅረቡ አሳፈረኝና ለማንም ሳልናገር ወደ ቀጥቃጩ ወደ ዓለሙ ወሰድኩት። የመንደሩን ማረሻ ሁሉ የሚሠራው ዓለሙ ነበር፤ እኛ ግን ቡዳ ነው እያልን አብረነው አንበላም። ዝገቱን በአሸዋ ሲፈትገው፣ እንጨቱ ከሚገባበት በላይ ሦስት ጭረት ብቅ አለ። እጁ ቆመ።

«ይሄማ የአባቴ የቢሻው ምልክት ነው» አለ። «የፊተኛው ጦር በዝገት ቢያልቅ ቄሶቹ በምስጢር አሠሩኝ ይል ነበር። እውነቱን ነው ለካ!»

«ዝም በል!» አልኩት።

«እኔስ ዝምታ ለምጃለሁ። አንተ ግን ዳኛ ፊት መቆምህ ካልቀረ የአባቴን ስም ጥራልኝ።»

ሁለት ቀን ተጓዝን። ጥቅምት ነበር፤ ርብን ስንሻገር ውኃው ገና ከጉልበት አልወረደም፤ ከጉና የሚነፍሰው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ጦሩን ከትከሻ ትከሻ አቀያይራለሁ። ነገራችንን የሚናገረው አጎቴ አያሌው ዘወር እያለ «ምን ያቁነጠንጥሃል? ጉንዳን ወረረህ እንዴ?» ይለኛል። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ብምል ነፍሴ፣ ባልምል እናቴ።

ዳኛው ከወይራ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጦሩን በግራ ይዤ ቀኜን ወንጌሉ ላይ አሳረፍኩ።

«ጦሩ የዘወንጌል አይደለም» አልኩ። «አንድ ቀጥቃጭ የሠራው ነው።»

አጎቴ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። የማዶዎቹ ያን ጊዜ ዝም ቢሉ ኖሮ መስኩ የእነሱ ነበር። ግን ያገራችን ሰው ድል ከሸተተው ሳይፎክር አይውልም። አዛውንታቸው ዘንጋቸውን እየነቀነቁ ብድግ አሉ።

«ድሮስ! የዘወንጌልን ጦርማ ያያቴ አባት ከልጆቹ እጅ ማርኮታል! የእነሱማ በቀጥቃጭ ያሠሩት ቢሆን ነው!»

ዳኛው ጢማቸውን አሻሹ። «እንዴት ነው ነገሩ አባቴ? ያልነበረ ሰው ጦር ይማረካል?»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ዘወንጌል መኖሩን በገዛ አፋቸው አምነዋልና መስኩ ለእኛ ተፈረደ። ዓለሙ በዝገት አለቀ ያለውን ጦር እኚህ ተማረከ አሉት፤ ፉከራ ምስክር ሆኖ መርታቱ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ያን ቀን ግን እንደ ጥጃ እየዘለልኩ ነው የተመለስኩት።

ዓለሙ ከመንደሩ መግቢያ ቆሞ ጠበቀኝ። «ጠራህልኝ?» አለ።

«ጠርቼዋለሁ» አልኩት።

ወንጌል ይዤ መዋሸት የፈራሁት እኔ፣ ለእሱ ስዋሽ ዓይኔን አላሸሁም። ፊቱ በራ። በማግስቱ አዲስ ማረሻ ሠርቶ ላከልኝ፤ በነጻ። የእናቴን ማሳ በዚያ ማረሻ አረስኳት። ዓለሙ ግን ቀጥቃጭ ነውና ስንዝር ርስት ሳይኖረው ሞተ።

ዛሬ ጠዋት አለቃን አስጠርቼ ዕቃ ቤት ገባን። ሦስቱን ጭረት በጣታቸው አስዳሰስኳቸው።

«ዘወንጌል ዘንዶ ሲገድል አላየሁም፤ አባቶች ያሉትን ጻፉ» አልኳቸው። «ይህን ጦር የሠራው ግን ቢሻው የሚባል ቀጥቃጭ ነው። ልጁ ዓለሙ ይባላል። የዚህ ምስክሩ እኔ ነኝ።»

ብዕራቸውን ከብራናው አነሡ። «የቀጥቃጭ ስም ከታቦት ታሪክ ጋር?»

«ጻፉት። ስሙን ጠርቼዋለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ሳልሞት እውነት ይሁንልኝ።»

ጻፉት። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ተቀመጥሁ።