በግራ እጅ የተጠረበው ድንጋይ

ሰውዬው በሙዚየሙ ምድር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ሲያጥብ የኖረ ነው። ከቁፋሮ የመጣውን በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል፣ ጋዜጣ ላይ ያሰጣል፤ ሲደርቅ ፕሮፌሰሩ በቀጭን ብዕር ቁጥር ይጽፉበታል፤ እሱ መደርደሪያ ላይ ያኖራል። ሚስቱ "የሰው ባል ሹመት ይዞ ይመጣል፣ የኔው አቧራ" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሹመት ደረጃ ወርዶ ምድር ቤት ሲገባ ታይቶ አይታወቅም።

ፕሮፌሰሩ የጥንት ሰው ድንጋይ እንዴት እንደጠረበ ለተማሪዎች ያሳዩ ነበር። ጣታቸው ግን ለብዕር እንጂ ለቁስል አልተፈጠረም፤ ስለዚህ የሚጠርበው እሱ፣ የሚያስረዱት እሳቸው ሆኑ። አንድ ቀን የጠረበውን አጥቦ ከቁፋሮዎቹ ጎን አሰጣው። ጥፋቱ ይቺው ናት። ፕሮፌሰሩ ከእንግዶች ጋር ከምሳ ሲመለሱ አነሱት፣ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ከቁፋሮ የወጣ መስሏቸው እንግዶቹ ፊት 214 ብለው ጻፉበት። ፕሮፌሰርን በእንግዳ ፊት ማረም ነውር ነውና "ነገ እነግራቸዋለሁ" አለ። ያ ነገ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ እሳቸውም ስለ ድንጋዩ ወፍራም መጽሐፍ ጽፈው ሞቱ።

በስማቸው የመታሰቢያ ስኮላርሺፕ ተቋቋመ፤ በየዓመቱ አንድ ተማሪ የጥንት የድንጋይ መሣሪያ እንዲያጠና። የመጀመሪያዋ ዕድለኛ ካለው ድንጋይ ሁሉ የመረጠችው 214ን ነበር።

"አባባ፣ ይሄን የጠረበው ሰው ግራኝ ነው" አለችው በሦስተኛው ወር፣ ከመብራቱ ሥር እያገላበጠች። "ትዕግሥቱ ደግሞ! ጨርሶ እንኳ ጠርዙን መለስ ብሎ ያስተካክላል። እጁ ይባረክ።"

"አሜን" አለ፤ አምልጦት።

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ መዝገቡ ላይ ብዕር የያዘውን እጁን አየች፤ ግራው ነው። ሳቋ ቆመ።

"አባባ... ይሄ ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው?"

ሆድ ይፍጀው ብሎ የኖረው ነገር ነው። ቢናገር ደግሞ የልጅቷ ትምህርት ገደል መግባቱ ነው። ግን እጁን ያመሰገነች የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት፤ እሷን መዋሸት አቃተው።

"ከመጨረሻ ልጄ ጋር እኩያ ናቸው። ሃያ ስድስት።"

ሁለት ቀን ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ራሷ ሄዳ ለስኮላርሺፑ ኮሚቴ ተናገረች፤ እሱም ተጠራ። በቢሯቸው ምንጣፍ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ የኮሚቴው ሦስት አዛውንት ምሁራን እያዩት፣ በግራ እጁ ጠረበ። ሲጨርስ ከ214 ጎን አስቀመጠው። መንታ ናቸው።

ሰብሳቢው ሁለቱን አስተያዩ። "ግሩም ነው! እንዲህ አስመስሎ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ። "የጥንቱ ግን ነፍስ አለው።" ሁለተኛው "መታሰቢያ የቆመላቸው ሰው እንዴት ይሳሳታሉ?" አሉ። ሦስተኛው ፈረሙ። ልጅቷ በ214 ጥናቷን እንድትቀጥል ተወሰነ።

ሁለቱ ደረጃውን ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። እሱ የልጅቷ ትምህርት በመትረፉ ደስ ብሎታል፤ አዲሱን ድንጋይ በጋዜጣው ጠቅልሎ ይዞታል።

"ነገ እርስዎ ሌላ ድንጋይ ያወጡልኛል፤ የእውነት የጥንት የሆነ። በ214 አልጽፍም፤ ኮሚቴው የፈለገውን ያድርገኝ" አለች። ከዚያ አዲሱን ድንጋይ ከእጁ ተቀብላ ቀጭኑን ብዕር አነሳች። "አባባ፣ ሙሉ ስምዎ ማን ነው?"

በሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ጠይቆት አያውቅም። ነገራት። ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ስሙን ጻፈችበት፤ ሲደርቅ እሱ ራሱ መደርደሪያው ላይ፣ ከ214 ጎን አኖረው።