አሚን ያልንበት አጥር

እርጥብ መረብ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም በድንገት ሲመጣብኝ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ግን ንዴቴ ይነሣል።

አባቴ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ክረምት ውሃው ሲደፈርስ ቤት ተቀምጦ መረቡን ይጠግን፣ እኔም ሴት ልጁ ክር አቀብለው ነበር። መስከረም ሲጠባ ማለዳ ታንኳውን ገፍቶ ይገባና ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዞ ይመለስ ነበር። ሁዳዴ ሲገባም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዓሣ ይጾማል አይጾምም እየተከራከሩ፣ ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ዳርቻውን የእኔ ነው የሚል ሰው ስላልነበረ መንጠቆ ያለው ሁሉ ይወርድ ነበር።

አንድ በጋ የአባቴ ታናሽ ወንድም ከጂዳ ተመለሰ። ሐሙስ ለት ሽማግሌዎቹ ቤታችን ለዱዓ ሲሰበሰቡ ጫት ይዞ መጥቶ፣ መሀል ላይ ተንበርክኮ፣ «አባቶቼ፣ ከብት ደንገሉን ጨረሰው፤ ዳሩን ትንሽ ላጥረው ነው። አብሽሩ፣ በሩ ለናንተ አይዘጋም ወላሂ! ዱዓ አድርጉልኝ» አለ።

በኛ አገር ዱዓ ላይ የተለመነ አይመረመርም፣ ወረቀት አሳየን ማለትም ነውር ነው። ሁሉም እጁን ዘረጋ። ቀድሞ፣ ከሁሉም ጮኾ «አሚን!» ያለው አባቴ ነበር፤ ወንድሙ አይደል! እኔም በር ላይ ቆሜ አሚን አልኩ።

በልግ ሲገባ የእሾህ አጥሩ ቆርቆሮ ሆነ፤ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት ነው ተባለ። አባቴ መረቡን ተሸክሞ፣ እኔ ቅርጫት ይዤ ስንወርድ አንድ የማናውቀው ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል።

«አባባ፣ ለማጥመድ መግባት ተከልክሏል።»

«ጥራው እስቲ ባለቤቱን፤ ወንድሜ ነው» አለ አባቴ፣ ፈገግ ብሎ።

አጎቴ መጣና ዓይናችንን ሳያይ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ወረቀቱ በስሜ ነው። እንግዶች ደግሞ የዓሣ ሽታ አይወዱም» አለ።

አባቴ በቀጥታ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ ቢከስ፣ «ቀድመህ አሚን ያልከው አንተው አይደለህ?» አሉት። ከወንድሙ ክህደት ይልቅ ይህች ቃል ሰበረችው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አጎቴንም ሽማግሌዎቹንም ይቅር አላልኩም።

አሁን መረቡን ተሸክሞ ሌላው ሐይቅ፣ አርዲቦ ድረስ ይወጣል፤ እዚያም እስኪታጠር ነው። ዱዓም አልቀረም። ያኔ ልመናው ሳያልቅ አሚን ይል የነበረው ሰው፣ አሁን እጁን ዘርግቶ ልመናውን እስከ መጨረሻ ካደመጠ በኋላ ዝም ይላል።