የልጄ ጥርስ ስላልበሰበሰ ኢንሹራንሱ አይከፍልም ተባልኩ

«እናትዬ፣ ጥርሷ በስብሶ ቢሆን ኖሮ እንሸፍንልሽ ነበር» አለችኝ አሁን በስልክ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ።

ከልጄ ጋር አዳማ፣ የጥርስ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ጥርሶቿ ስለተጨናነቁ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ከመታሰሩ በፊት የተወሰኑት መነቀል አለባቸው ብሏል ሐኪሙ። ኢንሹራንሱ ደግሞ «ጤነኛ ጥርስ ለቁንጅና ሲነቀል አንከፍልም» ይላል።

ቁንጅና! ልጅቷ በበላች ቁጥር ጉንጯን እየነከሰች!

በደርግ ጊዜ የተነቀለው ጥርሴ ትዝ አለኝ። አባቴ እዚሁ ናዝሬት ፋብሪካ ስለሚሠራ የፋብሪካው ክሊኒክ ቤተሰቡን በነፃ ያክም ነበር። ለጥርስ የነበረው ሕክምና ያው መንቀል ብቻ ነው።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ማለትም ረዳት ሐኪሙ፣ ተቻኩሎ ጤነኛውን ነቀለው። እያለቀስኩ «የሚያመኝ ከጎኑ ያለው ነው!» ስለው፣ ምንም ሳይደነግጥ እሱንም ደገመልኝ።

እናቴ አፌን በነጠላዋ ይዛ «ዝም በይ፣ የመንግሥት ሰው ነው» አለችኝ። አመስግናው ወጣን።

እንግዲህ ያኔ ጤነኛ ጥርሴ በስህተት፣ ያውም በነፃ ተነቀለ። ዛሬ ሐኪም ያዘዘውን የሚሸፍን ጠፋ። ይኼን ለሠራተኛዋ ብነግራት «ይገባኛል እናትዬ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ልጄ አጠገቤ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «እማ፣ እስኪበሰብስ ከረሜላ ልብላ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ።

እናንተስ፣ ለብሬስ ብላችሁ ጤነኛ ጥርስ አስነቅላችሁ ኢንሹራንስ የከፈለላችሁ አላችሁ? ምን ብላችሁ አሳመናችኋቸው? ከረሜላውን ሳልገዛ ንገሩኝ።