የተከለከልሁት የውሃ ተራ

ቦዩ ሲወጣ የቤቴን ድርሻ አዋጥቼ ሳለ የውሃ ተራ ተከልክያለሁ። ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ገብቶ ፕሮጀክት የሚሳካው በምን እንደሆነ ይማራል። ይማር። እኔ ያየሁትን ቢጨምርበት ግን አይጎዳውም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አገሩ ታች ጋይንት። ባሌ በክረምቱ ሞቶ፣ ከቤቴ በታች ያለው የሽንኩርትና የጌሾ ጓሮ ብቻ ቀረልኝ። ከእሱ የማገኘውን አርብ ገበያ አውጥቼ ልጆቼን አበላለሁ። በበጋ ውሃ ካላገኘ ግን ይደርቃል።

በጋው ሲገባ መንደሩ ቦይ ቆፍሮ ከወንዙ ውሃ ጠልፎ ለማውረድ ተስማማ። ሥራውን የሚመሩ፣ ውሃውንም የሚደለድሉ አንድ ሽማግሌ ተመረጡ፤ እንዲህ ያለውን ሰው የውሃ አባት እንላለን። እሳቸውም ደንብ አወጡ፦ ከየቤቱ አንድ ድርሻ፤ ድርሻውን ያወጣ ቤት ተራ ያገኛል። እኔም የባሌን ዶማ ተሸክሜ ወረድሁ።

«አንቺ ደሞ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ቁፋሮ።»

«ሴት አጠገባቸው ከቆፈረች ወንዶቹ ሥራ ትተው ሲያፍሩ ይውላሉ። ሂጂና ጠላ ጥመቂ፤ የቤትሽ ድርሻ እሱ ነው።»

ጠመቅሁ። ለዘር ያስቀመጥሁት ገብስ ሳይቀር ብቅል ሆነ። ጋኑ ሞልቶ የወጣ ቀን ወንዶቹ ድንጋዩን እንደ ገለባ ያነሡታል። ቀጭን ቅራሪ የቀረበ ቀን አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ ሌላው በሬ ጠፍቶበታል። የውሃ አባቱ ይህን ካዩ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከቦዩ በፊት የኔን ጋን ይጎበኙ ጀመር።

ውሃው የወረደ ዕለት ቄሱ ሥራው የተሳካው በታቦቱ ረድኤት ነው አሉ። የውሃ አባቱ ደግሞ ቆራጥ መሪ ስለተገኘ ነው አሉ፤ ማን እንደሆነ ግን አልተናገሩም። ከዚያ ተራ ደለደሉ። የሳምንቱ ሰባቱም ቀን ለሌሎች ታድሎ አለቀ፤ እኔ የለሁበትም።

«የኔስ?» አልሁ።

«ከቤትሽ ዶማ ያነሣ ማን አለ?»

«ድርሻሽ ጠላ ነው ያሉኝ አንቱ!»

«ጠላውማ ተጠጣ። ቦዩ ግን ይኸው አለ።»

ሰው ሳቀ። ለሽማግሎች ነገርሁ፤ ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን አሉኝ። ፋሲካም አለፈ፣ እነሱም አላዩትም። አንድ ጎረቤቴ «ለባልሽ ነፍስ ብዬ ከተራዬ ትንሽ ልልቀቅልሽ» አለኝ። ምጽዋት አልለመንሁም ብዬ መለስሁት። ሽንኩርቱ ደረቀ። ጌሾውም ተከተለ።

በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ቦዩን አፈረሰው። ኅዳር ላይ የውሃ አባቱ መንደሩን ለጥገና ጠሩ። ወንዶቹ ዶማቸውን ይዘው መጡና ጋን ይቀመጥበት ወደነበረው ጥላ ተመለከቱ። ባዶ ነው። ተቀመጡ።

«እኔስ ጥርሴን አሞኛል» አለ አንዱ።

«ለቁፋሮ ጥርስ ምን ያደርግልሃል?» አሉት የውሃ አባቱ።

«ዛሬማ ምንም።»

የውሃ አባቱ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ሄደው ጠላ እንዲጠምቁ ለመኑ። «ባሌ ዶማ ይዞ ወርዷል፤ ካንድ ቤት ሁለት ድርሻ ይወጣል እንዴ?» አሏቸው። ደንቡ የራሳቸው ነውና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እንዲህ እያለ የሁሉም ጓሮ ጠወለገ፤ የእሳቸውም።

በመጨረሻ ወንዶቹን አስከትለው ደጄ መጡ።

«አልጠመቅሽም አሉ።»

«አልጠመቅሁም።»

«መንደሩ እኮ ውሃ ጠማው!»

«አምና የኔ ጓሮ ሲጠማ የት ነበሩ?»

«ውሃ ስደለድል።»

«እንግዲህ ዘንድሮም ይደልድሉ። ቀኔን ግን ሰው ፊት ይንገሩኝ፤ በጆሮዬ ሹክ እንዲሉኝ አልፈልግም።»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ይንገሯት፣ መሸ!» አለ።

የውሃ አባቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ረቡዕ ያንቺ ነው» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ጠላው እስኪደርስ ስንት ቀን ይፈጃል?»