ከምሰሶ ያልወረደው ሰው

ጋሽ ምሰሶ ብለው የሰየሙት ባልደረቦቹ ናቸው። ከቁመቱ የተነሳ ነው የሚሉ አሉ፤ ዕድሜውን ሙሉ የመብራት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ስለኖረ ነው የሚሉም አሉ። ሚስቱ ግን ሁለቱንም አትቀበልም። «ሲያናግሩት መልስ ስለሌለው ነው» ትላለች።

ዝምተኛነቱ እውነት ነው። የማጥፊያው እጀታ ከተነሳ ግን አፉን የሚያስይዘው አልነበረም። ድሮ መስመር ሲበላሽ ኃይሉ የሚቋረጠው መንገድ ዳር ካለ ማጥፊያ ነው፤ ማጥፊያው የሚዞረው ደግሞ በሚነቀል የብረት እጀታ ነው። ምሰሶ ላይ የሚወጣው ሰው መስመሩን በገዛ እጁ ያጠፋል፤ እጀታውን ነቅሎ ኪሱ ይከትና ይወጣል። እሱ ሳይወርድ ማንም ማብራት አይችልም። አለቃ ቢቆጣ፣ ሰፈሩ ቢንጫጫ፣ እጀታው ያለው ላይ ነው። ሚስቱ በዚያ ብረት የተቀደዱ ኪሶች ስትጥፍ ነው የኖረችው።

ጋሽ ምሰሶ ይህን ልማድ የሙጥኝ ያለው ወዶ አይደለም። ወጣት ሳለ አብሮት የተቀጠረ ጓደኛው አንድ ቀን እጀታውን ማጥፊያው ላይ እንደተሰካ ትቶት ወጣ። ሌላ ሠራተኛ ሥራው ያለቀ መስሎት አዞረው። ጓደኛው በሕይወት አልወረደም።

መሥሪያ ቤቱ ማጥፊያዎቹን ሁሉ ከመቆጣጠሪያ ክፍል በኮምፒውተር የሚታዘዙ ሲያደርጋቸው ታዲያ ጋሽ ምሰሶ እንቅልፍ አጣ። ጥቅሙ ጠፍቶት አይደለም። ቀድሞ ብልሽት ለማግኘት በዝናብ ከምሰሶ ምሰሶ ሲኳትን ይውል ነበር፤ አሁን ስክሪኑ የተበላሸችውን ቦታ ለይቶ ያሳያል። የታመመ ጉልበቱ ብቻውን ለዚህ ምስጋና ያቀርብ ነበር። ነገር ግን እጀታ የሚባል ነገር ቀረ። በምትኩ ስልኩ ላይ ቁልፍ ተጫነለት፤ ሲወጣ ይቆልፋል፣ ሲወርድ ይከፍታል፣ እሱ ሳይከፍት መስመሩ አይበራም ተባለ።

«ኮምፒውተሩስ ይሁን» አለ ለሚስቱ። «አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅስ? ከባሰ ቁልፌን ጥሳ ማብራት ትችላለች አሉ። በሬዲዮ ድምፅዋን እንጂ መልኳን እንኳ አላውቅም። ነፍሴን በእሷ ጣት ስር ላስቀምጥ? ጡረታዬን እጠይቃለሁ።»

«ቤት ተቀምጠህ ምን ላይ ልትወጣ? ቁም ሳጥኑ ላይ?» አለችው።

በቀልድ ታለፈ፤ እሱ ግን የምሩን ነበር። ሁልጊዜ ሲወጣ ሽቦውን ከመንካቱ በፊት እጁ በጓንቱ ውስጥ ያልበዋል። እንዲህ እየፈራ ብዙ እንደማይቆይ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ነፋስ የገዛ ሰፈሩን መስመር በጠሰው። ጋሽ ምሰሶ በስልኩ ቆለፈ፣ ወጣ፣ ጠገነ፣ ወረደ። ባልደረባው ከመኪናው ጋር ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ምሳውን ሊበላ በእግሩ አዘገመ። መንገድ ላይ ኪሱን ዳሰሰ፤ ስልኩ አለ። ልቡም እንደ ወትሮው አረፈ። ድሮ ቢሆን እጀታውን ማጥፊያው ላይ መመለስ ነበረበት፤ አሁን የሚመለስ ብረት የለም፣ ስለዚህ የቀረ ሥራ መኖሩ ትዝ አላለውም። ከምሳ በኋላ ጋደም አለ። ስልኩም ባትሪው አልቆ ጠፋ።

የቀሰቀሰው የበሩ መንኳኳት ነው። ሚስቱ «እነዚህ የመብራት ሰዎች የት ገብተው ነው?» እያለች ጨለማው ኩሽና ውስጥ ታማርራለች። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ ጋሽ ምሰሶን ሲያይ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጋሼ፣ አለህ እንዴ? ቁልፍህን አልከፈትክም እኮ።»

ጋሽ ምሰሶ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ወጣ። የሹፌሩ ቻርጀር ለእሱ አሮጌ ስልክ አልሆን ስላለ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገሰገሱ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ሁሉን ነገረው። ዳቦ ቤቱ ሊጤ ተበላሸ ብሎ ደውሏል፣ የሰፈሩ ሰው ስልኩን አጨናንቋል፣ አለቃው የመቆጣጠሪያ ክፍሏን ልጅ «ቁልፉን ጥሰሽ አብሪው» ብሎ ሁለት ጊዜ ጮኾባታል።

«እኔ ራሴ ምሰሶው ላይ የለም ብያት ነበር» አለ ሹፌሩ። «ወደ ሌላ ምሰሶ ተሻግሮ እንደሆነስ አለችኝ። በዓይንህ አይተኸው ንገረኝ አለች።»

ልጅቷ ከስክሪኖቹ መሐል ቁጭ ብላለች። ካሰባት በላይ ትንሽ ናት፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። ጋሽ ምሰሶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

«አዎ፣ የእርስዎ ነው» አለችው ሳትሸሽግ። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርጉኝ። አንድ ነገር ሆነው ይሆናል ብዬ አልቄ ነበር።»

«ሥልጣኑ አለሽ። አለቃሽም አዞሻል። ለምን አላበራሽውም?»

ጥያቄው ግራ አጋባት። «አልወረዱማ» አለች። «ስድብ ነገ ይረሳል። እርስዎን ከየት አመጣለሁ?»

ያ ሁሉ ጊዜ የፈራት ልጅ ይቺ ናት። ምሳውን በልቶ እያንኮራፋ ሳለ እሷ እዚህ ተቀምጣ ለእሱ ነፍስ ስትሰደብ ውላለች። ስልኩን ከእሷ ቻርጀር ጋር አገናኘና እስኪነሳ ድረስ ጠበቁ። ቁልፉን ከፈተ።

እሷ እንደ ደንቡ ሬዲዮዋን አንስታ ጠየቀች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ እያለ። «መስመሩ ነፃ ነው?»

«ነፃ ነው። ወርጃለሁ» አለ ፊቷን እያየ።

አበራችው። ስልኮቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት ተረኛዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ምሰሶ ላይ እወጣለሁ» አለ።