ማይ የተረጎማት እናት

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ከተማው ውስጥ ቢሮ እንደ እንጉዳይ ሲፈላ አስተርጓሚ ግን ብርቅ ነበር። የኢታንጉ ልጅ ማይ በምላሱ እንጀራ መብላት የጀመረው ያኔ ነው። ከኑዌርኛ ወደ አማርኛ ሲመልስ የሚስተካከለው አልነበረም። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ተናጋሪው ሳይጨርስ ቀድሞ ትርጉሙን ያዘንበዋል። ስብሰባ ያሳጥራልና አለቆቹ ወደዱለት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ እሱም አላወቀውም።

በዚያው ዘመን በሪሁን የሚባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። የባሮ ሙላት መቼ እንደሚመጣ የወንዙ ዳር ሰዎች በምን እንደሚያውቁ ሊያጠና ነው፤ መቅረጫ ቴፕ ይዟል። ማይም ከእናቱ ከኛኮንግ የተሻለ አዋቂ የለም ብሎ ወደ እሷ ወሰደው። በቆሎዋ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ውሃው አመጣጥና አሸሻሽ፣ ክፉው ሙላት ስለወሰደባቸው ሰዎች አወራች። ማይ ከጎኗ ሆኖ ይተረጉማል። ሲመሽ መኪናው እየጠበቀ ስለነበር ተጣድፈው ሄዱ።

ኛኮንግ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልነበራትም። ማይ ልጁ ጣቢታ ስትወለድ የአያቷን ድምፅ ሊያሰማት ፈልጎ ቴፑን ጠየቀ። ቴፑ ከጥናቱ ጋር ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብቷል፤ የግቢው መታወቂያ የሌለው አይሰማም ተባለ። እንግዲህ ሰው የገዛ እናቱን ለመስማት መታወቂያ ይጠየቃል! ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከበር ተመለሰ።

ጣቢታ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ከፍ ብላ ሳለ ነው በሪሁን የደወለው።

«ማይ፣ ደስ ይበልህ! ዩኒቨርሲቲው ጥናቶቹን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አወጣቸው። የኔም ከነድምፁ አለ። ማንም በነጻ ይሰማዋል፣ ፈቃድ የሚባል ነገር ቀረ።»

ማይ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ሸሚዝ ለበሰ። ከሚኖርበት ሰፈር ከኒውላንድ ልጁን ይዞ ኢንተርኔት ወዳለበት ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አቢጋኤል ጥናቱን ፈልጋ አገኘችለት። መስመሩ ሲጎተት ሲጎተት ከሰዓት በኋላው አለቀ፤ ማይ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ የወፍ ጩኸት፣ ቀጥሎ የአሮጊት ሳል።

«እሷ ናት!» አለ ማይ፣ የልጁን እጅ ጭምቅ አድርጎ።

ኛኮንግ ሁለት ቃል ተናገረች። ሦስተኛው ላይ አንድ ጎረምሳ «ውሃው ሲመጣ እንዲህ ነው ትላለች» ብሎ ገባባት። ከዚያ በኋላ የሚሰማው እሱ ብቻ ሆነ። እናት ስትጀምር ልጅ ይጀምራል፤ ስትቀጥል ይብስበታል። ጣቢታ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋች።

«አባ፣ ይሄ ያንተ ድምፅ ነው። አያቴ የታለች?»

«አለች እኮ። ከኔ ድምፅ ሥር ናት፣ ደህና አድርገሽ ስሚ።»

ደጋግመው ሰሙ። ከሥር ጉምጉምታ እንጂ ቃል አይለይም። የማይ ፊት ጠቆረ፤ በዚያ መታወቂያ በጠየቀው ዘበኛ ላይ እንኳ እንደዚህ አልተናደደም ነበር።

ቅጂው ሊያልቅ ሲል ጎረምሳው «በቃ፣ ጨርሳለች» አለና ዝም አለ። ያኔ ኛኮንግ ብቻዋን፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ በኑዌርኛ ጥቂት ቃል ተናገረች። ኑዌርኛ የማያውቀው በሪሁን ግን ጨርሳለች ሲባል ቴፑን አጠፋው፤ ቀጭ ሲል ይሰማል።

ጣቢታ ከተማ ያደገች ናት፣ የአያቷን ቋንቋ በደንብ አትሰማም።

«አባ፣ አሁን ምን አለች?»

ዕድሜውን ሙሉ ለትርጉም ሲቸኩል የኖረው ማይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ። እንባው ሸሚዙ ላይ ወረደ።

«ልጄ፣ ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም ትላለች» አላት።